አቶ ወልደአማኑኤል በዝዋይ ጀልባ ላይ የተቀመጡበት ዜና

በዘመነ ማርቆስ፣ በአዳማ የደምበላ ሰፈር ዕድር ድንኳን ለሁለተኛ ጊዜ በተጣፈበት ዓመት፣ ኦቦ መርዳሳ በሊቀ መንበርነት ወንበር ላይ ሆነው «ዘንድሮስ እለቃለሁ» እያሉ ማንም ሳይለቃቸው በኖሩበት ዘመን፣ ጥምቀት አልፎ የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ጾም በአንድ ሰሞን ሊገባ ደጅ ላይ ቆሞ ሳለ፣ የአዳማም ነፋስ እንደ ልማዱ የጎረቤትን ቆርቆሮና የጎረቤትን ምስጢር ከግቢ ወደ ግቢ በሚያመላልስበት ወራት፣ ወኮነ ዐቢይ ነገር፤ ታላቅ ነገር ሆነ።

ዝንቱ ውእቱ ዜናሁ ለወልደአማኑኤል፤ የወልደአማኑኤል ዜና ይህ ነው። ልጆቼ፣ ቀረብ ብላችሁ ስሙ። ከግዕዙ ጥቂት ጣል የማደርገው ለሰውዬው ክብር ነው እንጂ እናንተን ለማስቸገር አይደለም፤ የቀረውን በገበያ ቋንቋ እነግራችኋለሁ።

እኒህ ወልደአማኑኤል፣ የአሰብን ጎዳና በኤን ሶስት የጭነት መኪና ከነተሳቢው ሲያርሱ የኖሩ፣ የአፋር ፀሐይ ያላጠወለጋቸው፣ ፍሬን እምቢ ባለበት ቁልቁለት በማርሽ ብቻ የወረዱ፣ የጎማ ብሎን በጣታቸው ይፈታሉ ተብሎ የተነገረላቸው (ያየ ግን ያልተገኘ)፣ አካላቸው ግዙፍ፣ ድምፃቸውም እንደ ክላክስ የሆነ፣ በጡረታቸው ዘመን በሰፈሩ ኒም ዛፍ ሥር ተቀምጠው ስለ ባሕር የሚተርኩ፣ ሲተርኩም የማዕበሉን ቁመት በየዓመቱ አንድ ክንድ የሚጨምሩለት ሰው ነበሩ። ባሕሩን ማየታቸው እውነት ነው፤ ታሪክ ጸሐፊ አይዋሽም። ያዩት ግን ከጋቢና ውስጥ ሆነው፣ ጭነት እስኪደርሳቸው በወደቡ አጥር ማዶ ቆመው ነው። እሳቸው ባሕሩን አዩት፤ ባሕሩም አያቸው፤ ከዚያ ተላለፉ። እግራቸውን ውሃው አልነካውም። ይህንን ከባለቤታቸው በቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ ባለቤታቸውም ለማንም አልተናገሩም።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ሮማነወርቅ፣ የቤቱ ዘውድ፣ የዕድሩ ወጥ ቤት የጦር አዛዥ፣ ለስድስት ድንኳን ሰው የሚበቃ ወጥ ጨው ሳይቀምሱ የሚመጥኑ፣ ገና አዲስ ሙሽራ ሳሉ ከባላቸው አንድ ቃል ተቀብለው ነበር፤ ቃሉም «አሰብ ወስጄ ባሕሩን አሳይሻለሁ» የሚል ነበረ። ከዚያ ልጅ መጣ፤ ከዚያ ሌላ ልጅ መጣ፤ ከዚያ መለዋወጫ ጠፋ፤ ከዚያ መንገዱ ራሱ ተዘጋ። መንገድ ሲዘጋ ቃልም አብሮ ይዘጋል ብለው ወንዶች ያስባሉ፤ ሴቶች ግን ቃሉን በሳጥን ግርጌ እንደ ጥበብ ቀሚስ አጥፈው ያስቀምጡታል፤ ብል እንዳይበላውም አልፎ አልፎ አውጥተው ፀሐይ ያስመቱታል። ወይዘሮ ሮማነወርቅም እንዲሁ አደረጉ። አሁን ግን ጉልበታቸው በደረጃ ላይ ማጉረምረም ጀምሮ ነበርና፣ ዘንድሮ ካልሆነ ባሕሩን የማየው በቴሌቪዥን ብቻ ነው ብለው ለጎረቤት ሲናገሩ ተሰምተዋል።

በዚያም ወራት ልጃቸው ሊዲ፣ በአዲስ አበባ በአንድ የጉዞ ወኪል ቢሮ የምትሠራ፣ ዓለምን በሙሉ ለሰው ስታስጎበኝ ራሷ ከቢሮዋ ወንበር ያልተነሣች፣ ለወላጆቿ የጋብቻ በዓል አንድ መልእክትና አንድ ሥዕል በስልክ ላከች። በሥዕሉም ላይ ከቱርክ ወደብ ተነሥቶ በደሴቶች መካከል ሲዞር የሚሰነብት፣ መስኮቱ የማይቆጠር፣ በሆዱ ውስጥ ገበያ፣ በጀርባው ላይ መዋኛ የተሸከመ ነጭ መርከብ ነበረ። አዋጇም እንዲህ ይል ነበር፦

«ለአባዬና ለእማዬ። እኔና ባለቤቴ ሁለት ቦታ አስይዘንላችኋል። ወራቱን የመረጥሁት አስቤበት ነው፤ በበዓለ ኀምሳ ረቡዕና ዓርብ አይጾምምና እማዬ በምግብ አትቸገርም፤ ባሕሩም በዚያን ጊዜ ይተኛል። ኢንሹራንሱንም ቪዛውንም እኔ እጨርሳለሁ። ከእናንተ የምፈልገው እሺ የሚል ቃል ብቻ ነው፤ ቦታው ግን ከቅበላ ወዲያ አይጠብቀንም።»

ይህ በተነበበ ጊዜ የወይዘሮ ሮማነወርቅ ፊት እንደ መስከረም ንጋት በራ። የአቶ ወልደአማኑኤል ፊት ግን ሌላ ሆነ። ጠላቶቻቸው ፈሩ ይላሉ፤ እኛ ግን ተጠነቀቁ እንላለን፤ ጥንቃቄ ማለት ትልቅ ሰው ሲፈራ የሚጠራበት ስም ነውና። እሺም አላሉ፣ እምቢም አላሉ፤ በቀበሌ ቢሮ ብዙ ዘመን ደጅ ጠንተው የተማሩትን አንድ ቃል አወጁ፤ ቃሉም «ይጠና» የሚል ነበረ።

ወእምዝ፣ ከዚህም በኋላ፣ ጉዳዩን የሚያጠና ጉባኤ በዕድሩ ዕቃ ቤት ደጃፍ በኒሙ ጥላ ተሰበሰበ። የተቀመጡትም እኒህ ናቸው፦ ኦቦ መርዳሳ፣ በዕድሜ የሁሉ አባት፣ ምርኩዛቸው ከአንደበታቸው ቀድሞ መሬት የሚመታ፤ መምህር ማናሴ፣ ጂኦግራፊ ሲያስተምሩ ጡረታ የወጡ፣ በጸሎት ቤታቸው ዝማሬያቸው ከማይክሮፎኑ የሚበልጥ፣ ስልካቸው ያላነበበው ነገር የሌለ፤ ወይዘሮ ሃፍሳ፣ የጨርቅ ነጋዴዋ፣ ሐጅ አድርገው የተመለሱ፣ ስለዚህም በሻንጣ ነገር በሰፈሩ የመጨረሻው ቃል የእሳቸው የሆነ። ባለ ጉዳዮቹ ባልና ሚስትም በመካከል ተቀመጡ፤ ሚስት ሥዕሉን በእጃቸው ይዘው፣ ባል ሥዕሉን ላለማየት የዛፉን ቅጠል እየቆጠሩ።

መምህር ማናሴ አስቀድመው መከሩ። መርከብ ማለት እንደ ሚዛን ነው አሉ፤ ጫፍና ጫፉ ሲወዛወዝ ሆዱ ይረጋል፤ ስለዚህ ክፍል ሲመረጥ ከመካከል፣ ከዝቅተኛውም ፎቅ ይሁን፤ ለወይዘሮ ሮማነወርቅ ጉልበት አሳንሰሩ ቅርብ ይሁን፤ ከጭፈራ አዳራሹ በላይ የሚሰጣችሁን ክፍል ግን በነፃ ቢሆን እንኳ አትቀበሉ። ሆድ የተገላበጠም እንደ ሆነ ዝንጅብል ያኝኩ፣ ዓይንንም ውሃና ሰማይ በሚገናኙበት ላይ ይትከሉ እንጂ ስልክ አይመልከቱ። አቶ ወልደአማኑኤልም ይህንን ሰምተው፣ ከታች የተኛ ቀድሞ ይሰምጣል አሉ። መምህሩ መርከብ ሲሰምጥ ፎቅ እንደማይመርጥ ሊያስረዱ ሲጀምሩ ወይዘሮ ሮማነወርቅ አቋረጡና መስኮት እንዲኖረው ብቻ አሳሰቡ፤ መስኮት የሌለው ክፍል ከሆነ ግድግዳ እዚሁ ቤታችን አለ አሉ።

ወይዘሮ ሃፍሳ ቀጠሉ። መርከቡ በሚነሣበት ቀን በአውሮፕላን እንዳትደርሱ፣ በዋዜማው ግቡና ከተማው ውስጥ እደሩ፤ አውሮፕላን ይዘገያል፣ መርከብ ግን የአዳማ ሚኒባስ አይደለም፣ ሞልቶ እስኪነሣ አይጠብቅም፤ ለጉብኝት ስትወርዱም ተመለሱ በተባላችሁበት ሰዓት ካልተመለሳችሁ ጭሱን ቆማችሁ ታያላችሁ አሉ። ሻንጣ ወደቡ ላይ ተረክበው ወስደው ክፍል የሚያደርሱት ማታ ነው፤ እስከዚያ የግፊት ክኒን፣ መነጽር፣ ፓስፖርትና አንድ ቅያሪ ልብስ በእጅ ቦርሳ ይሁን፤ የእጅ ቦርሳም ከእጅ አይለይ፤ ስሙም እንዲህ የተባለው ለዚህ ነው። በትልቁ ሻንጣ ላይ ቀይ ጨርቅ እሰሩ፤ ሻንጣ ሁሉ ጥቁር ነውና፤ ጨርቁን እኔ እሰጣለሁ።

ኦቦ መርዳሳ ግን ምርኩዛቸውን መሬት ላይ መትተው፣ ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚለውን የአባቶች ቃል ብቻ ተናገሩ። አቶ ወልደአማኑኤል ይህን ቃል እንደ መልሕቅ ያዙት። ከዚያች ቀን ጀምሮ ጧት በሰላምታ ፈንታ፣ ማታም በደኅና እደሩ ፈንታ ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይሉ ነበር። ቅበላም እየቀረበች ሄደች። ወይዘሮ ሮማነወርቅ ሥዕሉን ማውጣት ተዉ፤ ይህም ከቁጣ ይልቅ የከበደ ሆነ።

በመጨረሻም የቤቱ ንግሥት ወይዘሮ ሮማነወርቅ አዋጅ አወጡ፦

«ስሙ፣ ሰምታችሁ ለጎረቤት አሰሙ። የዳቦ ምጣድ ሳይሞከር ለድግስ አይጣድም። እኔም እሳቸውም አስቀድመን በእኛው አገር ውሃ ላይ እንሞከራለን። ከቻልን እሺ ለሊዲ ይነገራታል። ካልቻልን እኔ ዳግመኛ ስለ ባሕር አላነሣም፤ በኒሙም ዛፍ ሥር ሌላ ሰው ስለ ባሕር እንዳያነሣብኝ።»

ይህ የኋለኛው ቃል በአቶ ወልደአማኑኤል ላይ እንደ መብረቅ ወደቀ፤ ከማዕበሉ ትረካ የተከለከለ የደምበላ ጡረተኛ ምን ይቀረዋልና።

የመጀመሪያው ዘመቻ ወደ ሶደሬ ሆነ። መልካሳን አልፈው፣ በመንገድም ፓፓያ ገዝተው፣ ከፍል ውሃው ደረሱ። አቶ ወልደአማኑኤልም በጦር ሜዳ እንዳለ ሰው ዙሪያውን ቃኝተው፣ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ጠቅልለው፣ ዝንጅብሉና የቅያሪ ሸሚዙ ያለበትን የእጅ ቦርሳ ከድንጋይ ላይ አኑረው፣ ቁርጭምጭሚታቸውን ወደ ገንዳው አስገቡ። በዚያች ቅጽበት የሶደሬ ዝንጀሮዎች፣ የወይዘሮ ሃፍሳን ምክር ከሰው ይልቅ የሚያውቁ ፍጡራን፣ ቦርሳውን አንሥተው ዛፍ ላይ ወጡ። አንደኛው ዝንጀሮ ሸሚዙን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ ዝንጅብሉን ቀምሶ፣ ፊቱን አጨማድዶ ወደ ባለቤቱ መልሶ ወረወረው። አቶ ወልደአማኑኤልም ከውሃው ወጥተው ፍርድ ሰጡ፤ ባሕር ቀዝቃዛ ነው፣ ይህ ደግሞ ፍል ነው፣ ስለዚህ ሙከራው ማስረጃ አይሆንም አሉ። ወይዘሮ ሮማነወርቅም ቀዝቃዛ ውሃ ዝዋይ ሞልቷል ብለው መለሱ።

ወእምድኅረ ዝንቱ፣ ከቅበላ በፊት ባለው ቅዳሜ፣ ታላቁ ዘመቻ ተነሣ። ሚኒባስ ተኮናተረ፤ ጉባኤውም በሙሉ ሊሸኝ ተከተለ፤ በእኛ ሰፈር ሰው ብቻውን ውሃ ላይ አይወጣም፣ ብቻውንም አይሞትምና። ስንቁም እንዲህ ነበር፦ ዳቦ ቆሎ በጆንያ፣ ድርቆሽ በፌስታል፣ የወይዘሮ ሃፍሳ ሳምቡሳ በሳፋ፣ ሻይ በፔርሙስ፣ ለኦቦ መርዳሳ እርጎ፣ ለብርድ ጋቢ፣ ለፀሐይ ጃንጥላ፣ ምን እንደሚሆን አይታወቅምና ገመድ። መምህር ማናሴ በመርከብ ላይ ምግብ ከጧት እስከ ማታ እንደሚትረፈረፍና ስንቅ መያዝ ትርፍ ሸክም እንደ ሆነ ከስልካቸው አነበቡ፤ ሳምቡሳውን ግን ከሁሉ ቀድመው ያጋመሱት እሳቸው ነበሩ።

ሞጆን አለፉ፤ ቆቃን በግራና በቀኝ አዩ፤ መቂ በደረሱ ጊዜ ሽንኩርት ረክሶ አገኙ። ልጆቼ፣ አስተዋይ ሰው ሽንኩርት የሚገዛው ሲመለስ ነው፤ የእኛ ሰው ግን ስንመለስ ቢያልቅስ ይላል። ስለዚህ አንድ ኩንታል ሽንኩርት ገዝተው ከሚኒባሱ ጭነው፣ ረፋድ ላይ ባቱ፣ አባቶች ዝዋይ ከሚሏት ከተማ ገቡ።

ሐይቁ በዚያ ቀን ተኝቶ ነበር። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንደ ጡረተኛ ዳኞች በዳርቻው ተገትረው፣ የአሣ አንጀት የሚጥሉላቸውን ሰዎች ይጠብቁ ነበር። የጀልባው ባለቤት ገርባ፣ በዚያ ውሃ ላይ ያደገ፣ ቃል የሚቆጥብ፣ የሞተር ጀልባውን ከመሣፈሪያው እንጨት ጋር አስሮ ተቀበላቸው። ጀልባዋም ለሰው የምትበቃ ነበረች፤ ለሰውና ለሽንኩርት ግን አልተሠራችም። ሽንኩርቱ ለምን ከሚኒባሱ ወረደ ብላችሁ እንደ ሆነ፣ የሰው አገር ሹፌር አይታመንም ተብሎ ነው። ሹፌሩ የአዳማ ልጅ ነበረ፤ ባቱ ከደረሰ በኋላ ግን የሰው አገር ሹፌር ሆነ።

አቶ ወልደአማኑኤል ቀድመው ገቡ። እንዴት እንደ ገቡ ጸሐፊው በዝርዝር አይጽፍም፤ አራት ሰው እንደ ያዛቸውና ዓይናቸው ተጨፍኖ እንደ ነበረ የሚያወሩ አሉ። ከመካከሉ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ፤ የመምህር ማናሴ ምክር በልባቸው ነበርና። በሁለት እጃቸው አግዳሚውን ጨበጡ። ቀጥሎ ወይዘሮ ሮማነወርቅ ገብተው ከፊት ተቀመጡ፤ ወይዘሮ ሃፍሳና መምህር ማናሴም ገቡ፤ ሽንኩርቱም ገባ። ሁሉም በየቦታው ረጋ።

ያን ጊዜ ኦቦ መርዳሳ መጡ።

ልጆቼ፣ እንግዲህ የአገራችሁን ልማድ ታውቃላችሁ። ትልቅ ሰው ሲገባ የተቀመጠ ይነሣል፤ ኖር ይላል። ትልቁም ሰው በእግዜር፣ አትነሡ ይላል። አትነሡ ሲል የሚቀመጥ ግን ያልተቀጣ ልጅ ነው፤ የተቀጣው እርስዎ ካልተቀመጡ አልቀመጥም ይላል። ትልቁም ሰው እናንተ ቆማችሁ እኔ አልቀመጥም ይላል። ይህ በቤት ውስጥ ሲሆን ያማረ ነው፤ በለቅሶ ቤት ድንኳንም ያማረ ነው፤ ጀልባ ግን ክብር አታውቅም። ኦቦ መርዳሳ አንድ እግራቸውን ከጀልባዋ ጠርዝ ባሳረፉ ጊዜ፣ መምህር ማናሴ ተነሡ፤ ወይዘሮ ሃፍሳ ተነሡ፤ ወይዘሮ ሮማነወርቅ ከነጉልበታቸው ተነሡ፤ ሞተሩን ሊያስነሣ ጎንበስ ያለው ገርባም፣ የእናቱን አስተዳደግ ረስቶ አያውቅምና፣ ተነሣ። ሁሉም ኖር አሉ። ኦቦ መርዳሳም «ታኣ፣ ታኣ» አሉ፤ በኦሮምኛ ተቀመጡ ማለታቸው ነው። ማንም አልተቀመጠም። እርስዎ ይቀመጡ ተባሉ፤ እናንተ ቅደሙ አሉ። መምህር ማናሴ ቦታዬን ይውሰዱ ብለው ወደ ግራ ፈቀቅ አሉ፤ ወይዘሮ ሃፍሳም በአላህ የኔን ይውሰዱ ብለው እሳቸውም ወደ ግራ፤ ሽንኩርቱም፣ ክብር የተማረ ይመስል፣ ወደ ግራ ተንከባለለ።

ጀልባዋም ወደ ግራ አዘነበለች። ውሃው በጠርዟ ላይ አንገቱን አስግጎ ወደ ውስጥ ተመለከተ። አባ ኮዳዎቹም ምሳ የመጣ መስሏቸው አንድ እርምጃ ተጠጉ።

በዚያች ሰዓት፣ ሁሉ ቆሞ ሳለ፣ አንድ ሰው ብቻ ተቀምጦ ነበር። የዕድሩን አባት አይቶ ያልተነሣ፣ ኖር ያላለ፣ ከአግዳሚው ጋር እንደ ብሎን የተጣበቀ፣ ግዙፉን አካሉን በቀኝ በኩል እንደ መልሕቅ የጣለ፤ እርሱም ወልደአማኑኤል ነው። ስለ ምን እንዳልተነሡ የሚጠይቁ አሉ። ጉልበታቸው ከድቷቸው ነው የሚሉ ይኖራሉ፤ ጸሐፊው ግን ጉልበት የጌታውን ሐሳብ ከጌታው ቀድሞ ያውቃል ባይ ነው። ከዚያም አፋቸውን ከፍተው፣ በአፋር በረሃ ግመል ከመንገድ ያስለቅቅ በነበረው ድምፅ፣ አዋጅ አወጡ፦

«ቁጭ በሉ! ውሃ ላይ ትልቅ ሰው የለም! ጳጳስ ቢመጣ፣ ቃዲ ቢመጣ፣ አባ ገዳ ቢመጣ፣ የሚነሣ ቢኖር የዕድሩ አባል አይደለም! ቁጭ!»

ሁሉም በያለበት ወደቀ። ኦቦ መርዳሳ ወደ ኋላ ወደ መሣፈሪያው ተቀመጡ፤ ገርባ ከሞተሩ ላይ ተቀመጠ፤ መምህር ማናሴ ከእርጎው ላይ ተቀመጡ። ሽንኩርቱ ብቻ አዋጁን ሳይሰማ ከጠርዙ አልፎ ሄደ፤ ጆንያውም ተፈትቶ ሽንኩርቱ በሐይቁ ፊት ላይ እንደ መርከብ ሠራዊት ተሰለፈ። ጀልባዋ ወደ ቀኝ ተመለሰች፤ ረጋች፤ ዳነች። ውሃው በዚያ ቦታ እስከ ጉልበት ብቻ ነበረ የሚሉ ምቀኞች አሉ። ጸሐፊው አልለካም።

ከዚህ በኋላ የተከታዮቹ ልብ ቀለጠ። ወይዘሮ ሃፍሳ ለሐጅ የሄድኩት በአውሮፕላን ነው ብለው ወረዱ። መምህር ማናሴ ሱሪያቸውን ሊያጥቡ ወረዱ። ኦቦ መርዳሳ፣ በዕድሜያቸው ተጮሆባቸው የማያውቅ፣ ምርኩዛቸውን መትተው ራሳቸውን ነቀነቁና፣ ሰውዬው ልክ ነው፣ እኔም ከብት ወንዝ ሳሻግር ለማንም አልነሣም ነበር ብለው ፈረዱ። ሦስቱም ወደ አሣ ጥብሱ ዳስ ሄዱ።

በጀልባዋ ላይ ከገርባና ከወይዘሮ ሮማነወርቅ ጋር አቶ ወልደአማኑኤል ቀሩ፤ ሊነሡ አልቻሉምና። ከዳር ሆኖ ያየ ሁሉ ጀግንነት ነው አለ። ወይዘሮ ሮማነወርቅ ግን የባላቸውን እጅ አዩ፤ ጣቶቹ ከጨበጡት ከአግዳሚው እንጨት ይልቅ ነጥተው ነበር። ከፊት ተነሥተው፣ ይልቁንም መነሣት በአዋጅ እንደ ተከለከለ አስታውሰው ሳይነሡ ተንፏቅቀው፣ ከአጠገባቸው ተቀመጡ። ያመጡትንም ጋቢ በሁለቱም ጉልበት ላይ ዘረጉ፤ የሚንቀጠቀጠው የማን ጉልበት እንደ ሆነ ከዳር እንዳይታይ። ከዚያም የዚያን ቀን ትልቁን አዋጅ በሹክሹክታ አወጁ፦

«ወልዴ፣ ሰው ሳይሰማ ለአንተ ብቻ ነው የምለው። እንውረድ ካልከኝ እወርዳለሁ፤ የደከመኝ እኔ ነኝ እላለሁ። ስለ ባሕርም ለማንም ማውራት አልከለክልህም።»

አቶ ወልደአማኑኤል ሐይቁን አዩ፤ ከዳር ያለውን አሣ ጥብስ አዩ፤ ሽንኩርቱ በሰላም ወደ ጥልቁ ሲሄድ አዩ። በመንገድ ሁሉ ሚስታቸውን ከጎናቸው ሳያስቀምጡ የነዱበት ዘመን ሁሉ በፊታቸው እንዳለፈ እንገምታለን፤ ይህ ግምት ነው። ከዚያም በጣም አነስተኛ በሆነ ድምፅ፣ ለክላክሱ ጌታ በማይገባ ድምፅ፣ የመጨረሻውን አዋጅ ለገርባ አወጁ፦

«ንዳ።»

ገርባም ነዳ። ወደ ሩቁ ደሴት ወደ ቱሉ ጉዶ አልደረሱም፤ ቅርብ ያለውን ደሴት ዞረው ተመለሱ እንጂ። በመንገድም አቶ ወልደአማኑኤል በመምህር ማናሴ ምክር ዓይናቸውን ውሃና ሰማይ በሚገናኙበት ላይ ተከሉ፤ ከዝንጀሮ የተረፈውንም ዝንጅብል አኘኩ። ወይዘሮ ሮማነወርቅ እጃቸውን ወደ ውሃው ሰደዱ፤ ሐይቁንም ባሕር እስኪመስላቸው ድረስ አዩት። ከዚያም በእጃቸው የያዙትን ውሃ በባላቸው እግር ላይ አፈሰሱ። አቶ ወልደአማኑኤል እግራቸውን አዩ። አልሳቡትም።

ወደ ዳር በተመለሱ ጊዜ ሊወርዱ ሲሉ ኦቦ መርዳሳ ከዳሱ ተነሡላቸው፤ የዕድሩም ጉባኤ ሁሉ ተነሣ። መሬት ላይ ነውና አልተከለከለም። አቶ ወልደአማኑኤልም በራሳቸው እግር፣ ያለ ደጋፊ፣ ወረዱ ለማለት ይቻላል።

በዚያችው ቀን ከባቱ፣ አሣው ገና ሳይበላ፣ ለሊዲ እንዲህ ታወጀ፦

«ከአባትሽ። እሺ ብለናል። ክፍሉ ከመካከል ይሁን፣ ከታች ይሁን፣ ለእናትሽም መስኮት ይኑረው። በዋዜማው እንገባለን። መድኃኒታችን በእጃችን ነው፤ ዝንጀሮ ካለ አስቀድመሽ ንገሪን። ሽንኩርት አንይዝም። ለመርከቡም አለቃ ከእኔ በኩል ይነገረው፤ ትልቅ ሰው ወደ ምግብ አዳራሹ በገባ ጊዜ ተሳፋሪው ሁሉ ካለበት እንዳይነሣ ያዝዝ።»

ሊዲም መርከቡ የደምበላን ሰፈር የሚያህል እንደ ሆነ፣ ሰው ሁሉ አንድ ጊዜ ቢነሣም ሻይ እንኳ ከብርጭቆ እንደማይፈስ ጻፈች። አቶ ወልደአማኑኤል ግን በልምድ የተፈተነ ሰው ናቸውና መለሱላት፦

«ይጠና።»

እንግዲህ ውዳሴውን እንዲህ እንበል፣ ልጆቼ፣ አብራችሁኝ በሉ። ሰላም ለድምፅከ፤ ሰላም ለድምፅህ፣ ግመሉን ከመንገድ፣ የዕድሩንም አባት ከክብራቸው ላስለቀቀው። ሰላም ለአእዳዊከ፤ ሰላም ለእጆችህ፣ መሪ ለለመዱትና መሪ በሌለበት ጀልባ ላይ እንጨት ለያዙት። ሰላም ለእግርህ፣ በአሰብ ደርቆ ለኖረውና በዝዋይ ለረጠበው። ከሁሉ በላይ ግን፣ ወልደአማኑኤል ሆይ፣ ሰላም ለአብራኪከ፤ ሰላም ለጉልበቶችህ፣ ሕዝብ ሁሉ ሲቆም እምቢ ብለው ለታጠፉት፤ መጀመሪያ በፍርሃት ለተቀመጡት፣ ኋላ ግን መነሣት እየተፈቀደላቸው፣ ከጋቢው ሥር ከአንዲት ሴት ጉልበት ጋር ተጠግተው፣ በፈቃዳቸው ለተቀመጡት። ለዓለመ ዓለም፣ እስከ ቱርክ ወደብም ድረስ።